ያልሆነን ነገር መጻፍ መዋሸት ነውን?

ለፈጠራ ጽሑፍ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው



ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈጠራ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሃያ ያህል ናቸው። አብዛኞቹ በማለዳ ቁርኣን ቀርተው ከዚያ ወደ ክፍሉ የሚመጡ የሙስሊም ልጆች ናቸው። ባለፈው ዓመት ትምህርቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አባት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በመርካቶ ጨርቅ በሜትር የሚሸጡ፣ ሐጅ ያደረጉ፣ በአካባቢያቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«መምህር፣ ልጄ ማታ ማታ ሲጽፍ አየዋለሁ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ታሪክ ነው አለኝ። የማን ታሪክ አልኩት። የማንም አይደለም፣ ከራሴ የፈጠርኩት ነው አለኝ። እኔ ይህን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አትዋሽ እያልኩ ነው ያሳደግኩት። እናንተ ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ብለህ ጻፍ ትሉታላችሁ። ይህ ነገር እንዴት ነው?»

እውነቱን ለመናገር በቂ መልስ አልነበረኝም። «ሐጂ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው፤ ላስብበትና እመልስልዎታለሁ» ብዬ ተለያየን። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ጥያቄው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ ነው። ልጁ ብዕር ሲይዝ ደስ የሚለው፣ ግን ደግሞ ልቡ የሚሰጋ ወላጅ ብዙ ነው። ጥያቄው መልስ ካላገኘ ደግሞ ከሁለት አንዱ ይከተላል። ወይ ልጆቻችን ብዕራቸውን ይጥላሉ፤ ወይም ከእኛ ተደብቀው ይጽፋሉ። ሁለቱም አይበጁንም።

ውሸት ምንድን ነው?

ውሸት ማለት ያልሆነውን ነገር ሆኗል ብሎ አድማጩን ማሳመን ነው። ነጋዴው «ይህ ጨርቅ ቀለሙ አይለቅም» ሲል ገዢው አምኖ ይገዛል። ቤቱ ወስዶ ሲያጥበው ቀለሙ ቢለቅ ተታሏል፤ ገንዘቡንም አመኔታውንም አጥቷል። እንግዲህ ውሸትን ከባድ ወንጀል የሚያደርገው በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን አማና ማፍረሱ ነው።

ልብ ወለድ ግን ስሙ ራሱ ይናገራል። ልብ የወለደው ነው፤ ይህንንም አይደብቅም። ጸሐፊው «ይህ ሰው በዓለም ላይ ኖሯልና እመኑኝ» አላለም፤ አንባቢውም አላመነውም። ስለዚህ መጽሐፉን ሲዘጋ ተታለልኩ ብሎ የሚከስ አንባቢ የለም። ተማሪው «ይህ በእኔ ላይ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው» ብሎ የፈጠራ ታሪክ ቢያነብልን ግን ያኔ ነገሩ ተለወጠ፤ ዋሽቷል።

ይህን ስል ጉዳዩን ለማቅለል አይደለም። ሰዎችን ለማሳቅ ሲል የሚዋሽን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው ማስጠንቀቃቸው በአቡ ዳዉድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። በዚህም ምክንያት ከልብ ወለድ መራቅን የመረጡ ዑለማዎች አሉ፤ ጥንቃቄያቸው ሊከበር ይገባዋል። የፈቀዱትም ቢሆኑ ያለ ገደብ አልፈቀዱም። አንባቢው ፈጠራ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ጽሑፉ ጥቅም ሊኖረው ይገባል፤ ወደ ሐራም የሚጠራ መሆን የለበትም። ፈትዋ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለምና ከዚህ በላይ አልሄድም።

ሆኖም ይህ ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ኢብኑል ሙቀፈዕ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዐረብኛ የመለሰው «ከሊላ ወዲምና» አንበሳና ቀበሮ እየተነጋገሩ ጥበብ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ነው። እንስሳቱ እንደማይናገሩ የማያውቅ አንባቢ አልነበረም። ከ1054 እስከ 1122 የኖሩት የበስራው አል-ሐሪሪ ደግሞ ሃምሳ መቃማዎችን ሲጽፉ አቡ ዘይድ የሚባል ምላሱ የሰላ፣ ሰውን እያታለለ የሚኖር ተንከራታች ፈጠሩ። ወቀሳ እንደሚመጣባቸው ስላወቁ በመግቢያቸው ላይ መልስ አስቀመጡ። በእንስሳትና ግዑዝ በሆኑ ነገሮች አንደበት የተነገሩ ተረቶችን ጆሮውን ደፍኖ የሸሸ ሊቅ እንዳልተሰማ፣ ሥራም ሁሉ በኒያ እንደሚለካ አስታወሱ። አቡ ዘይድንም በመጨረሻው መቃማ ላይ በበስራ መስጊድ ተውበት አስደረጉት።

ቁርኣንም ስለ ገጣሚዎች የተናገረበትን ቦታ ሙሉውን ማንበብ ያስፈልጋል። ሱረቱ አሽ-ሹዐራእ (26፡224-227) በየሸለቆው የሚዋልሉትን፣ የማይሠሩትን የሚናገሩትን ገጣሚዎች ከነቀፈ በኋላ ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትንና አላህን በብዙ ያወሱትን ለይቶ ያወጣቸዋል። ለሐሳን ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ ሚንበር ይቀመጥለት እንደነበር ተዘግቧል። በአገራችንም ቢሆን የወሎ ሸኾች፣ ከእነሱም መካከል ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር፣ በዐጀም ፊደል በአማርኛ ግጥም ጽፈው አስተምረዋል። እንግዲህ ብዕርና ዲን ጠላቶች ሆነው አልኖሩም።

ለሐጂ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው። ነገር ግን በዚህ ባበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ምክንያቱም ውሎ አድሮ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ሐጂ ውሸቱን የፈለጉበት ቦታ ተሳሳተ እንጂ ውሸቱስ በክፍላችን ውስጥ ነበር።

ኃጢአተኛው ለምን ይገጫል?

በመጀመሪያው ወር ከተነበቡልን ታሪኮች መካከል ሰባቱ ያለቁት በአንድ ዓይነት አደጋ ነው። ሰላት የተወው ወጣት፣ እናቱን ያስከፋው ልጅ፣ ጓደኛዋን ያማችው ልጅ፣ ሁሉም በመጨረሻው አንቀጽ ላይ መንገድ ሲሻገሩ ሲኖትራክ ይገጫቸዋል። የሐጂ ልጅም እንዲሁ ጽፎ ነበር። በእሱ ታሪክ ውስጥ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አለ፤ ሲለካ ጨርቁን በሜትሩ ላይ ትንሽ ሳብ ያደርገዋል። ገዢው ስንዝር ይጎድልበታል። በመጨረሻም ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሲወጣ መኪና ይገጨዋል።

«ይህ ሰው ለምን ሞተ?» አልኩት።

«ስላጭበረበረ ነዋ።»

«አንተ ከትምህርት ስትወጣ ሱቅ ትውላለህ። የሚያጭበረብር ሁሉ ሲገጭ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

ዝም አለ። ክፍሉም ዝም አለ። እኔም ብሆን በልጅነቴ የጻፍኳቸው ታሪኮች እንዲሁ ያልቁ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጉዳይ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የእውነት ጉድለት ነው እላለሁ። በዚህ ዓለም መኪና የሚገጨው አጭበርባሪን ብቻ አይደለም፤ ከፈጅር ሰላት የሚመለሰውንም ይገጫል። አንድ ሰው በአደጋ ሲሞት «በእንዲህ ያለ ኃጢአቱ ነው» ብሎ የሚናገር ስለ ገይብ ያለ ዕውቀት ተናግሯል። ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል በሱረቱል ኢስራእ (17፡36) ታዘናል። ስፍርንና ሚዛንን የሚያጎድሉትን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙጦፊፊን (83) በብርቱ ዝቶባቸዋል፤ እዚያ ያስጠነቀቃቸው ግን በታላቁ ቀን፣ ሰዎች ሁሉ በዓለማት ጌታ ፊት በሚቆሙበት ቀን ነው። ተማሪው በመኪና ሲገድለው ያንን ቀን ከአንባቢው ዓይን ሰወረበት፤ ሂሳቡ እዚሁ ተዘግቷልና።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩንን የዚያን ሰው እውነተኛ ታሪክ እናስታውስ። ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። ተውበት አለኝ ወይ ብሎ ወደ አንድ መነኩሴ ሄደ፤ የለህም ሲለው እሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ከዚያ ወደ አንድ ዐዋቂ ሄደ፤ ዐዋቂው ግን በሩ ክፍት መሆኑን ነግሮ ወደ መልካም ሰዎች አገር እንዲሄድ አዘዘው። በመንገድ ላይ ሞተ። የእዝነትና የቅጣት መላእክት ተከራከሩበት፤ መንገዱ ሲለካ ለመልካሙ አገር በአንድ ስንዝር ቀርቦ ተገኘ። ይህ ታሪክ ወንጀሉን አንዲት ቃል አላቀለለም፤ ነገር ግን ለወንጀለኛው መንገድ ሰጠው። የእኛ ተማሪ ለገጸ ባሕሪው መንገድ ሳይሰጠው ገደለው። ከሁለቱ የትኛው ነው አንባቢን ወደ አላህ እዝነት የሚያቀርበው?

የሌላውን ልብስ መልበስ

ሁለተኛው ውሸት የሰውን ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። አንድ ተማሪ እጅግ ያማረ ድርሰት አነበበልን፤ ሁላችንም አጨበጨብንለት። እኔ ግን አንዱን ቃል ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው ሊነግረኝ አልቻለም። በኋላ ለብቻው ሳነጋግረው ስልኩን ከፍቶ ለማሽን ርእሱን ብቻ እንደሰጠና ሌላውን ማሽኑ እንደጻፈለት ነገረኝ። ዱሮ ከመጽሐፍ ይገለበጥ ነበር፤ ዛሬ መገልበጥም አላስፈለገም። ስሙ ቢለዋወጥም ነገሩ አንድ ነው። ያልተሰጠውን እንደተሰጠው አድርጎ የሚያጌጥ ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ እንደለበሰ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረዋል፤ ሐዲሡ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል።

የሚገርመው ይህን በደል ከማንም በላይ ልንጠላው የሚገባን እኛ መሆናችን ነው። ቀደምት ሊቃውንቶቻችን ቃልን ከባለቤቱ ጋር ማያያዝን፣ ማለትም ኢስናድን፣ የዲን አካል አድርገው ነው ያዩት። አንዲት ሐዲሥ ለማድረስ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ እያሉ ሰንሰለቱን ይቆጥሩ ነበር። ከሌላ የሰሙትን የራሴ ነው ማለት በእነሱ ዘንድ ነውር ነበር። እንግዲህ የፈጠራ ጽሑፍ ተማሪ «ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከአያቴ ተረት ነው፤ ይህን መስመር ጓደኛዬ ነው ያስተካከለልኝ» ማለትን ከእነሱ ይማር። ይህን መናገር አያሳንሰውም።

ጭብጨባና ነሲሓ

ሦስተኛው ውሸት የአድማጮቹ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌላው ሳያዳምጥ ያጨበጭባል፤ በተራው እንዲጨበጨብለት። ይህ እዝነት ይመስላል፤ ግን ወንድምን ከነጉድለቱ መተው ነው። ሙእሚን ለሙእሚን መስታወት መሆኑ በሐዲሥ ተነግሮናል። መስታወት ፊትህ ላይ ያለውን ጥላሸት ያሳይሃል፤ ሆኖም አይሰድብህም፤ ከፊቱም ስትሄድ ለሌላው አያወራብህም። በክፍላችን ያወጣነው ደንብም ከዚህ የተቀዳ ነው። አስተያየት ሰጪው መጀመሪያ ጽሑፉ ምን እንዳሳየው ይናገራል፤ ቀጥሎ የት ላይ እንዳላመነው ይናገራል፤ ስለ ጸሐፊው ማንነት አንዲት ቃል አይናገርም። ጸሐፊውም ሁሉም እስኪጨርስ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ይጽፋል እንጂ አይከራከርም። ይህ ዝምታ ለወጣት ነፍስ እጅግ ከባድ ነው። አላህ ያገራለት ግን ብዙ ያተርፍበታል።

እውነትና ገመና

አራተኛው ጉዳይ ከሁሉም ይከብደኛል። ተማሪዎቼን ያያችሁትን ጻፉ እላለሁ። አንዲት ተማሪ ያየችውን ጻፈች፤ የጎረቤቷን ፍቺ። ስም ቀይራለች፤ ነገር ግን በሩን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የሰውየውን ሥራ እንዳለ አስቀምጣለች። ሰፈሯን የሚያውቅ ሁሉ ማን እንደሆኑ በአንድ ጊዜ ይለያል። ጽሑፉ ከሁሉም የበለጠ ነበር። እኔም እንዲነበብ ለመፍቀድ ልቤ ሲከጅል ተሰማኝ፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

በእውነት የሆነን ነገር ባለቤቱ በሚጠላው መልኩ ማውራት ነው ሐሜት የሚባለው። ያልሆነ ቢሆን ቡህታን ይሆን ነበር። ስለዚህ «እውነት ነውኮ» የሚለው ምክንያት እዚህ አያድንም። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኋት። እነዚያ እናት ጽሑፉን ቢያነቡት ምን ይሰማቸዋል? ከታሪካቸው አንቺን የነካሽ የትኛው ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙ አስባ «ማታ ማታ የአንድ ሰው እራት ብቻ የሚያቀርቡት ነገር ነው» አለችኝ። ያንን ብቻ ይዛ ሌላ ሴት፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሕይወት ፈጠረች። እዚህ ላይ ነው ፈጠራ ያለውን ጥቅም የተረዳሁት። ፈጠራ የሰውን ገመና ሸፍኖ የሰውን ሐዘን ለመናገር ያስችላል። ሐጂ ውሸት ነው ብለው የፈሩት ነገር እዚህ ላይ የአንዲትን ሴት ክብር ጠበቀ።

ተማሪው ምን ይዞ ይምጣ?

ብዙ ወላጆች «ልጄ ተሰጥዖ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ተሰጥዖ የአላህ ስጦታ ነው፤ እኔ አልሰጠውም፣ አልነፍገውም። ልጁ በክፍሉ ውስጥ ፍሬ ያገኝ እንደሆነ የማውቀው ግን በልማዱ ነው።

መጀመሪያ ኒያውን ያስተካክል። ለጭብጨባ የሚጽፍ ጭብጨባው ሲቀር ይተወዋል። ሁለተኛ ያንብብ። የመጀመሪያው ወሕይ አንብብ በሚል ትእዛዝ የጀመረ፣ በብዕርም ማስተማርን ያወሳ መሆኑን እያወቅን ሳያነቡ መጻፍን መመኘት ያሳፍራል። ሦስተኛ ጥቂትም ቢሆን በየቀኑ ይጻፍ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን የነገሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ቁርኣኑን ከቀራ በኋላ ግማሽ ገጽ የሚጽፍ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ የት እንደደረሰ አይቻለሁ። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሚጽፈውንም አይቻለሁ።

አራተኛ፣ መልሶ መጻፍን አይጥላ። ከእስልምና በፊት የነበረው ታላቁ ገጣሚ ዙሀይር አንዳንድ ቅኔዎቹን ለአንድ ዓመት ያህል ሲያርማቸው ይቆይ ስለነበር «ሐውሊያት»፣ ማለትም የዓመት ቅኔዎች፣ ተብለዋል። ኢማም አል-ቡኻሪ ሰሒሓቸውን ለማጠናቀቅ 16 ዓመት እንደፈጀባቸው ይነገራል። እኛ ግን በአንድ ምሽት የጻፍነውን በማግስቱ እንዲመሰገን እንፈልጋለን። አምስተኛ በሰዓቱ ይምጣ፤ ሃያ ሰው ማስጠበቅ የሃያ ሰው ጊዜ መውሰድ ነውና።

መምህሩም የሚጠበቅበት አለ። የተማሪን ጽሑፍ ሳያነብ ማርክ መስጠት፣ በሌሎች ፊት ማሸማቀቅ፣ የልጁን ሐሳብ ወስዶ የራስ ማድረግ፣ እነዚህም አማናን ማጉደል ናቸው። ልጅ የጻፈውን ሲሰጥህ ልቡን ነው የሰጠህ።

የሐጂ ልጅ መጨረሻ

የሐጂ ልጅ ያን ቀን ተቆጥቶ ሄደ። ሁለት ሳምንትም አልመጣም። ሲመለስ ታሪኩን እንደገና ጽፎት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ አረመው። በአዲሱ ታሪክ ነጋዴው አይሞትም። በዒድ ዋዜማ አንዲት እናት ለልጇ ቀሚስ የገዛችው ጨርቅ አጥሮባት ተመልሳ ትመጣለች። ነጋዴው ልብስ ሰፊውን ሊያሳብብ ይችል ነበር። እሱ ግን ሴትየዋን አይቶ ያዝናል፤ በነፃ ሊሰጣት፣ በትክክልም ሊለካላት ይነሳል። ጨርቁን ዘርግቶ ሲለካ ግን እጁ ሳይጎትት መለካት ያቅተዋል። ደግሞ ይሞክራል። ታሪኩ የሚያልቀው ሴትየዋ ቆማ እያየችው እሱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቹ ለወላጆቻቸው ሲያነቡ ሐጂ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ አላጨበጨቡም። ሰው ሲበታተን ወደ እኛ መጡና ልጃቸውን «ይህ ሰውዬ ማን ነው?» አሉት።

ልጁ ደነገጠ። «ማንም አይደለም አባ፤ ወላሂ ማንንም አስቤ አይደለም።»

«እሱማ ገብቶኛል» አሉ ሐጂ። «እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ለጥያቄያቸው ያዘጋጀሁትን መልስ ሁሉ ያን ቀን በኪሴ ይዤው ተመለስኩ። ወላሁ አዕለም፤ አላህ ምላሳችንንም ብዕራችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን፤ ልጆቻችንንም ከእውነተኞች ጋር ያድርጋቸው። አሚን።